መርፌው የባል፣ ወቀሳው የሚስት

ልጅ ዘግይቶባቸው የሚጨነቁ ባልና ሚስት በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። በአገራችን ልማድ ይህ ጭንቀት ሲመጣ በመጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው በሴቲቱ ላይ ነው። ጠበል የምትወሰደው እርስዋ፣ መድኃኒት የምትውጠው እርስዋ፣ በሠርግና በክርስትና ቤት «ምነው ዘገየሽ?» የምትባለውም እርስዋ ናት። ዛሬ የምናነሣላችሁ ጉዳይ ግን በወንዱ በኩል ያለ፣ ብዙዎቻችን ያልሰማነው ነገር ነው። ይኸውም ወንዱ ጤናዬ ይሻሻል ብሎ የሚወስደው ሕክምና ራሱ ልጅ የመውለድ ችሎታውን ሊያቆምበት መቻሉ ነው። ሕክምናው ቴስቶስተሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ከውጭ በመርፌ ወይም በቆዳ ላይ በሚቀባ መድኃኒት መተካት ነው።

ስሟ እንዳይጠቀስ አደራ ያለችን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ያጫወተችንን እንንገራችሁ። ጋብቻዋን ከፈጸመች አምስት ዓመት ሆኗታል። ዕድሜዋ 32 ነው። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን ዕድሜው 39 ደርሷል። በጋብቻቸው ሁለተኛ ዓመት ላይ ባለቤቷ ድካም ድካም ይለው ጀመር። ከረጅም መንገድ ሲመለስ ከእንቅልፍ በቀር የሚያምረው ነገር ጠፋ። አንድ የሥራ ጓደኛው ወደ አንድ የግል ክሊኒክ መራው። እዚያም ደሙ አንድ ጊዜ ተመረመረና «የወንድነት ሆርሞንህ ዝቅ ብሏል» ተብሎ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ ታዘዘለት። «ልጅ አለህ ወይ? ለመውለድስ ታስባለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

መርፌው ሠራ። ይህን መካድ አይቻልም። «ሰውዬው ታደሰ» አለችን ባለታሪኳ እየሳቀች። «ሳቁ ተመለሰ፤ ጉልበቱ ተመለሰ፤ ፍቅራችንም እንደ ጫጉላው ጊዜ ሆነ። እኔም እንግዲህ ልጁ መጣ ብዬ የሕፃን ልብስ በዓይኔ መግዛት ጀመርኩ።»

ልጁ ግን አልመጣም። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። የማኅፀን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ደሟ ተመረመረ፤ በአልትራሳውንድ ታየች፤ የማኅፀን ቱቦዋ ተዘግቶ እንደሆነ ለማየት ራጅ ተነሣች። ይህ የመጨረሻው ምርመራ ምን ያህል እንደሚያም ያየችው ታውቀዋለች። ምንም ጉድለት አልተገኘባትም። እንዲያም ሆኖ እንቁላል ያግዛል የተባለ ክሎሚፊን የሚባል ክኒን ለወራት ዋጠች። አማቷ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሆኖም ለፋሲካ ከገጠር ሲመጡ ጎረቤት ባለበት «የልጄ ዘር እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው?» ማለታቸው አልቀረም። ባለቤቷ ይህን ሲሰማ አንገቱን ከመድፋት በቀር ያለው ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ ያገኘቻት ሐኪም ግን ገና ካርዷን ሳትገልጥ «ባለቤትሽስ ተመርምሯል?» ስትል ጠየቀቻት።

«ሳቅኩ» አለችን። «‹እሱማ ምን ሆኖ! እሱ እንኳን ለእኔ ለሌላም ይተርፋል› አልኳት።»

ባልየው ተለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አሳልፎ በመጨረሻ ሄደ። የዘር ፈሳሹ ሲመረመር አንዲት እንኳ የዘር ሴል አልተገኘበትም። ሐኪሟ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ስትጠይቀው የሰጣት መልስ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ነው። «መድኃኒት አልወስድም፤ የጉልበት መርፌ ብቻ ነው የምወጋው» አላት።

ለመሆኑ ጉልበትን የሚመልስ መርፌ ዘርን እንዴት ያጠፋል? ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። የወንድነት ሆርሞን ሲጨመር ወንድነት የሚጨመር ይመስላልና። አሠራሩን ለመረዳት ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ እኅቶች ብዙም አትቸገሩም። የወንዱን የዘር ፍሬዎች ሁለት ነገር እንደሚያመርት አንድ ፋብሪካ ቁጠሩት። አንደኛው ምርት ቴስቶስተሮን ነው፤ ሁለተኛው የዘር ሴል ነው። ፋብሪካው በራሱ ፈቃድ አይሠራም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ይጠብቃል። ዋናው መሥሪያ ቤት አንጎል ውስጥ ነው። እዚያ ያለችው ፒቱታሪ የተባለች፣ የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ ኤል ኤች እና ኤፍ ኤስ ኤች የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖችን በደም በኩል ትልካለች። የመጀመሪያው ቴስቶስተሮን እንዲመረት ያዛል፤ ሁለተኛው የዘር ሴሎችን የሚያሳድጉትን ሴሎች ይቀሰቅሳል። የሚገርማችሁ እነዚህ ሁለት ሆርሞኖች በእኛም በሴቶቹ ሰውነት ውስጥ ያሉ፣ እንቁላላችንን የሚያበስሉና የሚለቁ ናቸው።

ታዲያ ቴስቶስተሮን ከውጭ በመርፌ ሲገባ ዋናው መሥሪያ ቤት መጋዘኑ እንደሞላ ያያል። «ከበቂ በላይ ዕቃ አለ» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። ትእዛዝ ሲቆም ፋብሪካው ሁለቱንም ምርት ያቆማል። በደም ውስጥ ያለው ቴስቶስተሮን በመርፌው ስለ ተተካ ሰውየው ጉድለቱ አይሰማውም። የዘር ሴሉን የሚተካ መርፌ ግን የለም። ከዚህም በላይ ዘር እንዲበቅል በዘር ፍሬው ውስጥ ያለው ቴስቶስተሮን በደም ውስጥ ካለው በብዙ አሥር እጥፍ መብለጥ ይኖርበታል። ይህን ያህል ክምችት የሚገኘው እዚያው ሲመረት ብቻ ነው፤ በመርፌ ደምን በመሙላት አይደረስበትም። መርፌው ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዘር ፍሬዎቹ መጠናቸው ሊያንስም ይችላል፤ ሥራ የፈታ ፋብሪካ ናቸውና።

ሚስትም ሆነች ባል ይህን በዓይን አይተው አያውቁትም። ከወንዱ የሚወጣው ፈሳሽ አብዛኛው ከሌሎች ዕጢዎች የሚመነጭ ስለሆነ የዘር ሴል ባይኖርበትም መጠኑም መልኩም እንደ ወትሮው ነው። ፍላጎቱ ሙሉ፣ ጉልበቱ ሙሉ፣ ፈሳሹም ሙሉ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባዶ ሊሆን ይችላል። የግብረ ሥጋ ችሎታና የመውለድ ችሎታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ባለታሪካችንም፣ ባሏም፣ እኛም ሳንለይ ኖረናል።

ይህ ግምት እንዳልሆነ የሚያሳይ ነገር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት ቴስቶስተሮንን ለወንዶች የወሊድ መከላከያነት ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት በ7 አገሮች፣ በ10 ማዕከሎች የሚገኙ 271 ጤነኛ ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስተሮን ተወግተው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 157ቱ በስድስት ወር ውስጥ የዘር ሴል ጨርሶ የማይገኝባቸው ሆኑ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሳሉ ለአንድ ዓመት ሌላ መከላከያ ሳይጠቀሙ ሲቆዩ የተከሰተው እርግዝና አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ሰዎች ሆን ብለው ልጅ ላለመውለድ የሞከሩትን መድኃኒት ልጅ የሚፈልግ ሰው ለብርታት ብሎ ሲወጋው ምን እንደሚሆን ገምቱ። በሌላ በኩል 271ዱም ወደ ዜሮ እንዳልወረዱ አስተውሉ። «መርፌ ላይ ነኝና አታረግዢም» የሚል ባል ካለ እርሱንም አትመኑት።

የወንድነትን ብርታት በመርፌ የመመለስ ምኞት አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ብራውን ሴካር የተባለ ስመ ጥር ሳይንቲስት በ72 ዓመቱ ከእንስሳት የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ ጎልማሳ ሆንኩ ብሎ በፓሪስ ለሳይንቲስቶች ጉባዔ ተናግሯል። ፈሳሹ የሚሠራ ሆርሞን አልነበረበትም ማለት ይቻላል፤ ያበረታው ተስፋው ነው። እውነተኛው ቴስቶስተሮን ተለይቶ የታወቀውና በላቦራቶሪ የተሠራው በ1935 ነው። የአሁኑ መርፌ እንደ ብራውን ሴካር ፈሳሽ ባዶ አይደለም። አደጋውም በእርግጥ መሥራቱ ላይ ነው።

ይህን ስንል ሕክምናውን ማንቋሸሻችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። መርፌው የግድ የሚያስፈልጋቸው ወንዶች አሉ። የፒቱታሪ ዕጢያቸው የታመመባቸው፣ የዘር ፍሬያቸው በአደጋ፣ በጆሮ ደግፍ ወይም በካንሰር ሕክምና የተጎዳ፣ ወይም ከተፈጥሯቸው ሆርሞኑን በበቂ የማያመርቱ ወንዶች ቴስቶስተሮን ካላገኙ አጥንታቸው ይሳሳል፤ ጡንቻቸው ይሟሽሻል፤ መንፈሳቸውም ይወድቃል። ለእንደነዚህ ያሉት መድኃኒቱ ቅንጦት አይደለም። ችግሩ የመጣው ሳይጣራ ሲታዘዝ፣ ይልቁንም ስለ ልጅ ሳይጠየቅ ሲታዘዝ ነው።

የአሜሪካ የዩሮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የሆርሞን ማነስ አለ የሚባለው በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ በማለዳ በተወሰደ ደም ሁለት ጊዜ ተለክቶ ዝቅ ብሎ ሲገኝና የሕመም ምልክትም ሲኖር እንደሆነ ይገልጻል። ማለዳ የተባለበት ምክንያት ሆርሞኑ በጧት ከፍ ብሎ ቀኑ ሲገፋ ዝቅ ስለሚል ነው። የባለታሪካችን ባል ደም የተወሰደው አንድ ጊዜ፣ ያውም ከምሳ በኋላ ነበር። ያው መመሪያ ልጅ ለመውለድ በመሞከር ላይ ላለ ወንድ ቴስቶስተሮን መታዘዝ እንደሌለበት በግልጽ ያስቀምጣል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የእንቅልፍ መታወክ ሆርሞኑን እንደሚያወርዱም መታወቅ አለበት። ሌሊቱን በመንዳት የሚያሳልፍ ሹፌር በመጀመሪያ ስለ እንቅልፉ ቢጠየቅ ኖሮ ምን ይገኝ እንደነበር ማን ያውቃል!

ታዲያ ሆርሞኑ በእውነት ያነሰው፣ ልጅም የሚፈልግ ወንድ ምን ያድርግ? መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም።

አንዱ መንገድ ከውጭ ሆርሞን ከማስገባት ይልቅ የራሱን ፋብሪካ መቀስቀስ ነው። ባለታሪካችን ለወራት በከንቱ የዋጠችውን ክሎሚፊን አስታውሱ። ይኸው ክኒን በወንዱ አንጎል ላይ ሲሠራ ዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዙን እንዲያበዛ ያደርጋል፤ ቴስቶስተሮኑም የዘር ምርቱን ሳያቆም ከፍ ሊል ይችላል። ክኒኑ የተፈቀደው በይፋ ለሴቶች በመሆኑ ለወንድ የሚታዘዘው በሐኪም ውሳኔና ክትትል ነው እንጂ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ለባል የሚሰጥ አይደለም። ፒቱታሪው ደኅና ላልሆነ ሰው ደግሞ ክኒኑ አይበቃም።

ሌላው ኤች ሲ ጂ የሚባል መርፌ ነው። እናቶች ይህን ሆርሞን በሌላ በኩል ታውቁታላችሁ፤ በሽንት ምርመራ እርግዝና መኖሩን የሚያሳውቀው እርሱ ነው። በወንድ ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደ ኤል ኤች ሆኖ ይሠራል። ማለት የዋናውን መሥሪያ ቤት ማኅተም አስመስሎ ትእዛዝ እንደሚያደርስ መልእክተኛ ነው። በዚህም ምክንያት ለብቻው ወይም የግድ ቴስቶስተሮን ከሚወስደው ሰው መርፌ ጋር ጎን ለጎን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ አንድ ጥናት ቴስቶስተሮንና አነስተኛ መጠን ያለው ኤች ሲ ጂ አንድ ላይ ከወሰዱ 26 ወንዶች መካከል ዘሩ ጨርሶ የጠፋበት አንድም አልተገኘም። ሃያ ስድስት ሰው ጥቂት ነውና ዋስትና አድርጋችሁ አትያዙት፤ የሚያበረታታ ግን ነው። ፒቱታሪው ለታመመ ወንድ ኤች ሲ ጂ ብቻውን ካልበቃ ኤፍ ኤስ ኤችም በመርፌ ይጨመርለታል።

ሦስተኛው መንገድ መርፌው ከመጀመሩ በፊት ዘርን ማስቀመጥ ነው። የዘር ሴል ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ቀዝቅዞ ለዓመታት ይቆያል። ከቀዘቀዘ ዘር የተፀነሱ ልጆች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ተወልደዋል። አገልግሎቱ በየከተማው የሚገኝ አይደለም፤ ወጪም አለው። እንዲያም ሆኖ መርፌው የዕድሜ ልክ ለሚሆንበት ወጣት መኖሩን ማወቅ ይጠቅመዋል። በአገራችን በመንግሥት በኩል የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። የዘር ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ የሆነ ወንድም ቢሆን፣ አንዲት የዘር ሴል በቀጥታ ወደ እንቁላል በምትገባበት ሕክምና አባት ሊሆን የሚችልበት ዘመን ላይ ነን።

መርፌውን አስቀድመው የጀመሩስ? ለእነርሱ ተስፋ የሚሰጥ ቁጥር አለ። ከ1500 በላይ ወንዶች የተሳተፉባቸውን 30 የወሊድ መከላከያ ጥናቶች ያጠቃለለ፣ በ2006 የታተመ ትንተና እንዳሳየው ሆርሞኑን ካቆሙ በኋላ 67 በመቶው በስድስት ወር፣ 90 በመቶው በአንድ ዓመት፣ ሁሉም ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ዘራቸው በሚሊ ሊትር 20 ሚሊዮን ደርሷል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ቀድሞውንም ጤነኛ ዘር የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ለብዙ ዓመት የተወጋ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ወይም ከመጀመሪያው የዘር ችግር የነበረበት ሰው ሊዘገይ፣ አንዳንዴም ሳይመለስለት ሊቀር ይችላል። አንዲት የዘር ሴል ተሠርታ ለመብሰልም ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅባታል። በሳምንት ውጤት የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይጨነቃል። መርፌውን በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆምም ደግ አይደለም። ፋብሪካው እስኪነቃ ድረስ ባሉት ሳምንታትና ወራት ሰውየው ያለ ሆርሞን ስለሚቆይ ድካሙና የመንፈስ ጭንቀቱ ሊብስበት ይችላልና ሐኪም ሊከታተለው ይገባል።

ወንድ ልጆች ያሏችሁ እናቶች ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁልን። ጡንቻ ለማሳደግ በስፖርት ቤት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉት መርፌዎችና ክኒኖች ብዙዎቹ ይኸው ቴስቶስተሮን ወይም የእርሱ ዘመዶች ናቸው፤ መጠናቸውም በሐኪም ከሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ስለ ልጅ አያስብም፤ በሠላሳኛው ዓመቱ ግን ያስባል።

ባለቤቱ የሚቀባውን ዓይነት የሚጠቀምባት እኅት ደግሞ ቤቷ ውስጥ ሕፃን ካለ ትጠንቀቅ። ቅባቱ ሳይደርቅ ወይም ሳይሸፈን ሕፃን ቢታቀፍ መድኃኒቱ ከቆዳ ወደ ቆዳ ይተላለፋል። በዚህ ሳቢያ ሕፃናት ያለ ዕድሜያቸው የጉርምስና ምልክት በማሳየታቸው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2009 በመድኃኒቱ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። ነፍሰ ጡር ሴትም የተቀባውን ቦታ መንካት የለባትም። እጅን በሳሙና መታጠብና የተቀባውን ቦታ በልብስ መሸፈን የባልየው ግዴታ ነው።

ወደ ባለታሪካችን እንመለስ። ውጤቱን በሰሙበት ዕለት ማታ ባልና ሚስቱ ሳይነጋገሩ እራት እንደ በሉ ነገረችን። «በመጀመሪያ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ራጅ፣ ያን ሁሉ ክኒን አስታወስኩ። በኋላ ደግሞ አዘንኩለት። እሱም ቢሆን ሊታከም ሄደ እንጂ ሊበድለኝ አልሄደም።» ሐኪሟ መርፌውን አስቆመችው። በምትኩ ያዘዘችለት ክኒን ስሙ ሲነበብ ሁለቱም ተያይተው ሳቁ፤ ክሎሚፊን ነበር። ከመኝታቸው አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ የእርስዋ ትራፊ ገና ተቀምጦ ነበር።

ወራቱ ቀላል አልነበሩም። ድካሙ ተመለሰ፤ ጠባዩ ከረረ፤ ሁለት ጊዜም «መርፌዬን መልሱልኝ» ብሏል። ከሦስት ወር በኋላ የተደረገው ምርመራ አሁንም ባዶ ነበር። በሰባተኛው ወር በሚሊ ሊትር ሦስት ሚሊዮን ተገኘ። በአሥራ አንደኛው ወር አሥራ አራት ሚሊዮን ደረሰ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መለኪያ የታችኛው ወሰን አሥራ ስድስት ሚሊዮን ነውና ተቃርቧል። ባለታሪካችን ይህን ጽሑፍ እስከምናዘጋጅበት ጊዜ ድረስ አላረገዘችም፤ ቀጠሯቸው በመጪው ወር ነው።

ባለፈው ፋሲካ ግን አማቷ እንደ ልማዳቸው ከገጠር መጥተው ነበር። ዶሮው ቀርቦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ያንኑ የዘር ነገር ሲያነሡ ባልየው ቆረሰውን እንጀራ ወደ ትሪው መለሰና «እማዬ፣ የዘገየው በእኔ ነው። የተወጋሁት መርፌ ነው። እሷ ምንም የላትም» አላቸው።

ሴትዮዋ ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ልጃቸውን እያዩ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ስናገራት ቁጭ ብለህ ትሰማ ነበር?» አሉትና ከወጣቸው ትልቁን የዶሮ ብልት አንሥተው ለምራታቸው አጎረሱ።